የአየር ሀይሉ ኢንጂነር እና ጠፈርተኛ ጋይ ብሉፎርድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኮሎኔል ጋይ ብሉፎርድ የውትድርና ህይወት ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስበነዋል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋይ ብሉፎርድ ማነው?

ሙሉ ስሙ ጋይዮን ስቱዋርት ብሉፎርድ ነው፣ ሁሉም የሚጠራው ግን ጋይ እያለ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1942 ፊላደልፊያ ተወለደ። አባቱ ሜካኒካል ኢንጂነር ነበሩ፣ እናቱ ደግሞ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህርት። ከአሜሪካ አየር ሀይል በኮሎኔልነት የተሰናበተ መኮንን ነው፣ ተዋጊ አብራሪ ነበር፣ በኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ዶክትሬት ያለው ኢንጂነር ነው፣ ጠፈር ደግሞ 4 ጊዜ ሄዶ ተመልሷል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው "ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ" በሚለው ብቻ ነው። ልክ ነው፣ ኦገስት 30 ቀን 1983 ነው የወጣው። ግን መኮንን ከሆነበት ከ1964 እስከዛ ቀን ድረስ 19 ዓመት አለ፣ ያ 19 ዓመት ደግሞ ዝም ብሎ ተራ የተጠበቀበት ጊዜ አይደለም። እኛ ትልቁ ታሪክ እዛ ውስጥ ነው ብለን ስለምናምን ከታች ያሉት መልሶች አብዛኛዎቹ ስለሱ ናቸው።

መጀመሪያ ኢንጂነር ነበረ ወይስ ወታደር?

ፍላጎቱ ከልጅነቱ ኢንጂነርነት ነው። የአውሮፕላን ሞዴል ይገጣጥም ነበር፣ እንዴት እንደሚበር ነው የሚገርመው እንጂ ማብረሩ ብዙም አልነበረም ሀሳቡ። ሀይስኩል እያለ አማካሪው ኮሌጅ ለሱ እንደማይሆን ለቤተሰቡ ነግሮ ነበር ይባላል፣ ቤተሰቡ ግን አልሰሙትም፣ ጥሩ አደረጉ። 1960 ላይ ኦቨርብሩክ ሀይስኩልን ጨርሶ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዛ ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ እየተማረ ጎን ለጎን አርኦቲሲ የሚባለውን የመኮንንነት ስልጠና ወሰደ። ለማያውቀው፣ አርኦቲሲ ማለት ተራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቪል ትምህርትህን እየተማርክ በዛው የጦር መኮንን የምትሆንበት መንገድ ነው፣ ስትመረቅ ዲግሪህንና ማዕረግህን አንድ ላይ ትይዛለህ። እሱም 1964 ላይ እንዲሁ ወጣ፣ በኛ አባባል ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ። ማብረርን የመረጠውም ተማሪ ሆኖ በአየር ሀይል ጄት የመቀመጥ እድል ካገኘ በኋላ ነው፣ አብራሪ ብሆን የተሻለ ኢንጂነር እሆናለሁ የሚል ሀሳብ ይዞ። ይቺን ሀሳብ ያዟት፣ ቀጥሎ የሰራው ነገር ሁሉ ከሷ ነው የሚመጣው።

ቬትናም ዘምቷል?

ዘምቷል። አሪዞና ዊሊያምስ ቤዝ ሰልጥኖ ጃንዋሪ 1966 ላይ የአብራሪ ክንፉን አደረገ፣ ከዛ ኤፍ-4ሲ ፋንተም የሚባል ተዋጊ ጄት ላይ የውጊያ ስልጠና ወስዶ ደቡብ ቬትናም ካም ራን ቤይ ወደሚገኘው 557ኛው ታክቲካል ተዋጊ ስኳድሮን ተላከ። 144 የውጊያ በረራ ነው ያደረገው፣ ከነዛ ውስጥ 65ቱ ሰሜን ቬትናም ላይ።

ቁጥሩ ለብቻው ብዙም ላይነግራችሁ ይችላል። ሰሜን ቬትናም ያኔ ሶቪየት ሰራሽ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል፣ ከባድ መድፍና ሚግ ያላት አገር ነበረች፣ ብዙ የአሜሪካ አብራሪዎች ተመትተው የወደቁትም የተማረኩትም እዛ ነው። እሱ 24 ዓመቱ ገና እየሞላ ነበር። ለበረራዎቹ ኤር ሜዳል የተባለውን ሜዳሊያ በተደጋጋሚ ተሸልሟል።

ከጦርነቱ ሲመለስ ምን ሰራ?

ጁላይ 1967 ላይ ቴክሳስ ሼፐርድ ቤዝ ተመደበና ቲ-38 ላይ የበረራ አስተማሪ ሆነ። ቲ-38 ከድምፅ የሚፈጥን የማሰልጠኛ ጄት ነው፣ የናሳ ጠፈርተኞች ራሱ ዛሬም ድረስ የሚለማመዱበት። አስተማሪ ሆኖ በሱ ላይ ብቻ 1,300 ሰዓት በሯል፣ ሌሎች አስተማሪዎችን የሚገመግም መኮንንም ሆኖ ሰርቷል።

አምስት ዓመት ገደማ እዛ ነው የቆየው። ይሄ ጊዜ በአብዛኛው አጭር የህይወት ታሪኩ ላይ በአንድ መስመር ነው የሚታለፈው፣ ምክንያቱም ጀብዱ የለውም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ገና እጁ ያልተፍታታ ተማሪ ፊት ለፊት አስቀምጦ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሳይደናገጥ ማረም ቀላል ስራ አይደለም።

ዶክትሬቱን የት ተማረ? አየር ሀይል የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው እንዴ?

አለው። ኦሃዮ ዴይተን አጠገብ ራይት-ፓተርሰን የሚባል ትልቅ የአየር ሀይል ቤዝ አለ፣ ዴይተን የራይት ወንድማማቾች ከተማ ናት፣ ስሙም ከዛ ነው። እዛ ውስጥ የአየር ሀይል የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባል ማስተርስና ዶክትሬት የሚሰጥ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት አለ። ብሉፎርድ ኦገስት 1972 ገባ፣ 1974 ላይ ማስተርሱን በከፍተኛ ውጤት ያዘ፣ 1978 ላይ ደግሞ ዶክትሬቱን በኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ፣ ሌዘር ፊዚክስን በተጓዳኝ ይዞ።

ደግሞ ዶክትሬቱን የሰራው ተማሪ ብቻ ሆኖ አይደለም። ከ1974 ጀምሮ እዛው ቤዝ ባለው የበረራ ዳይናሚክስ ላብራቶሪ ተመድቦ ኢንጂነር ሆኖ እየሰራ ነው፣ መጨረሻ ላይ የኤሮዳይናሚክስና የአውሮፕላን አካል ቅርንጫፍ ሀላፊ ሆኗል፣ ማለትም ቀን የሌሎች ኢንጂነሮች አለቃ ሆኖ ጎን ለጎን የራሱን ጥናት ይሰራል ማለት ነው። የጥናቱ ርዕስ ቀጭን የሶስት ማዕዘን ክንፍ፣ ዴልታ ክንፍ የሚሉት፣ ከድምፅ በላይና ከዛም እጅግ በሚፈጥን ፍጥነት ሲበር በዙሪያው ያለው አየር እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ዛሬ ይሄ ስራ ላፕቶፕ ላይ በሶፍትዌር ይሰራል፣ በ70ዎቹ ግን ቀመሩን ራስህ ከፋፍለህ፣ ፕሮግራሙን ራስህ ፅፈህ፣ የኮምፒውተር ጊዜ ጠብቀህ ነው። አየሩ ዝልግልግነት አለው፣ ክንፉ ጠርዝ ላይ ግፊት ይፈጥራል፣ ይሞቃል፣ ሁሉም ባንዴ ተያይዞ ነው የሚሰላው።

እኛን ብትጠይቁን ከ144ቱ የውጊያ በረራ እኩል መነገር ያለበት ይሄ ነው። ጦርነት ላይ ያበረረ፣ ያስተማረ፣ ማዕረግ ያለው ሰው 30 ዓመቱ ሊሞላ ሲል ተመልሶ ክፍል ገብቶ ስሌት ጀመረ። ያበረረው አውሮፕላን ለምን እንደሚበር እስከ ታች ወርዶ ማወቅ ፈለገ፣ አየር ሀይሉም ይሄንን አይቶ ጊዜና ደመወዝ ሰጠው።

ናሳ እንዴት መረጠው?

1976 ላይ ናሳ ለስፔስ ሻትል፣ ማለትም ጠፈር ደርሳ እንደ አውሮፕላን አርፋ ደግማ ለምትበር መንኮራኩር፣ አዲስ ጠፈርተኛ እፈልጋለሁ ብሎ አወጀ። 8,079 ሰው አመለከተ፣ ጃንዋሪ 1978 ላይ 35 ሰው ተመረጠ፣ 15ቱ በፓይለትነት 20ዎቹ በሚሽን ስፔሻሊስትነት። የመጀመሪያዎቹ 6 ሴቶች እዚህ ቡድን ውስጥ ናቸው፣ ሶስት ጥቁር አሜሪካዊያንም አሉ፣ ብሉፎርድ፣ ፍሬድ ግሪጎሪ እና ሮን ማክኔር። ብሉፎርድ ያኔ ሻለቃ ነበር። ስልጠናውን ጨርሶ ኦገስት 1979 ላይ ጠፈርተኛ ተባለ።

ናሳ ሲገባ ከአየር ሀይል ለቀቀ ማለት ነው?

አይደለም፣ ይሄ በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ናሳ ሲቪል መስሪያ ቤት ነው፣ ወታደር ሲመረጥ ግን በውሰት ነው የሚሄደው። ማዕረጉ አለ፣ ደመወዙና ጥቅማጥቅሙ በወታደር ደንብ ነው፣ የእድገት ጊዜው ሲደርስ ያድጋል፣ የእለት ስራውን ብቻ ናሳ ያዘዋል። ብሉፎርድም ከ1978 እስከ 1993 ሙሉ ጊዜውን የናሳ ጠፈርተኞች ማዕከል ባለበት ሂውስተን እየሰራ የአየር ሀይል መኮንን ነበር፣ ናሳንም አየር ሀይልንም የተሰናበተው አንድ ላይ ነው፣ ጁላይ 1993፣ በኮሎኔልነት።

ይሄ ሁሉ የበረራ ሰዓት እያለው ለምን ሻትሉን አላበረረም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠቅላላ የጄት በረራው ከ5,200 ሰዓት በላይ ነው፣ ዩ-2 የሚባለው የስለላ አውሮፕላን ላይ ራሱ በሯል። ናሳ ለፓይለትነት የሚፈልገው ግን የሰዓት ብዛት ብቻ አልነበረም፣ የሙከራ አብራሪነት ልምድ ያላቸውን ነበር የሚያስቀድመው፣ የብሉፎርድ መንገድ ደግሞ በላብራቶሪ በኩል ነው የሄደው። ስለዚህ የተመረጠው በሚሽን ስፔሻሊስትነት ነው።

ሚሽን ስፔሻሊስት ማለት ተሳፋሪ ማለት አይደለም። ሳተላይት የሚለቀው፣ የሮቦት ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሙከራዎቹን የሚያካሂደው፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ሲስተሙን አውቆ የሚያስተካክለው ሰው ነው። ማለትም ኢንጂነር ነው የሚፈለገው። በፓይለትነት የተመረጠው ያኛው የአየር ሀይል ሰው ፍሬድ ግሪጎሪ ነው፣ 1985 ሻትል በፓይለትነት አበረረ፣ 1989 ደግሞ አዛዥ ሆነ።

የመጀመሪያ በረራው ላይ ምን ሰራ? ለምንስ በጨለማ ተነሱ?

በረራው ኤስቲኤስ-8 ይባላል (ኤስቲኤስ የሻትል በረራዎች መለያ ነው)፣ መንኮራኩሯ ቻሌንጀር ናት፣ አዛዡ ሪቻርድ ትሩሊ ነበር። ፍሎሪዳ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናብና መብረቅ ለጥቂት ደቂቃ አዘግይቷቸው ተነሱ። በሻትል ታሪክ የመጀመሪያው የሌሊት መነሳት ነው፣ ሲመለሱም ሴፕቴምበር 5 ካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ የአየር ሀይል ቤዝ ያረፉት በጨለማ ነው፣ እሱም የመጀመሪያው። ሌሊት የሆነበት ምክንያት ይዘውት የሄዱት የህንድ ሳተላይት ነው፣ ኢንሳት-1ቢ፣ ሳተላይቱ የሚለቀቅበት ቦታና ሰዓት ወደ ኋላ ሲሰላ መነሻው ሌሊት ላይ ወደቀ።

ሳተላይቱን መልቀቅ ከብሉፎርድ ዋና ስራዎች አንዱ ነበር፣ በሰላም ተለቀቀ። ከዛ ህይወት ያላቸውን ሴሎች ክብደት በሌለበት በኤሌክትሪክ የሚለይ የመድሀኒት ምርምር መሳሪያ ነበረ፣ እሱ ላይም ሰርቷል። 98 ጊዜ መሬትን ዞሩ፣ 145 ሰዓት። ሁሉም ያማረ ይመስላል ግን ከተመለሱ በኋላ መግፊያ ሮኬቶቹ ሲፈተሹ አንደኛው ላይ የጭስ መውጫው መከላከያ ሽፋን ከሚጠበቀው በጣም በላይ ተበልቶ ተገኘ። ትንሽ ሰከንድ ጨምሮ ቢነድ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል።

ሌሎቹ 3 በረራዎችስ? ሚስጥር የነበረ አለ ይባላል።

አለ። በቅደም ተከተል ስንሄድ ሁለተኛው ኦክቶበር 30 ቀን 1985 የተነሳው ኤስቲኤስ-61ኤ ነው፣ ያውም በቻሌንጀር። ጀርመን የከፈለችበት የሳይንስ ጉዞ ነው፣ 8 ሰው ተሳፍሯል፣ በአንድ መንኮራኩር እንደዛ ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር፣ ሙከራዎቹን የሚመራውም ከጀርመን ኦበርፋፈንሆፈን ያለ ጣቢያ ነው።

ሶስተኛውና አራተኛው በዲስከቨሪ ለመከላከያ መስሪያ ቤት የተደረጉ ናቸው፣ ወታደርነቱና ጠፈርተኛነቱ የተገናኙትም እዚህ ጋ ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 1991 የተነሳው ኤስቲኤስ-39 ለመከላከያ ቢሆንም አብዛኛው ስራው ለህዝብ ግልፅ ነበር። የሮኬት ሞተር ጭስና የተለያዩ ጋዞች ጠፈር ላይ በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በአይን በማይታየው የሙቀት ጨረር፣ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ፣ የሰሜንና ደቡብ ዋልታ ብርሀኖች እንዴት እንደሚታዩ ለኩ፣ ጥቅሙ ከጠፈር ላይ ሚሳይል ለመለየት ለሚሰራ ቴክኖሎጂ ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 1992 የተነሳው ኤስቲኤስ-53 ግን ዋና ጭነቱ ሚስጥር ነበር፣ በሻትል ከሄዱ የመከላከያ ሚስጥራዊ ዋና ጭነቶችም የመጨረሻው እሱ ነው። አራቱ ሲደመሩ ጠፈር ላይ ከ688 ሰዓት በላይ ቆይቷል።

ቻሌንጀር ስትፈነዳ እሱ ውስጧ ነበረ እንዴ?

አልነበረም። ሰው ከሮን ማክኔር ጋር ያምታታዋል፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ዶክተር፣ ሁለቱም የ1978 ቡድን ስለሆኑ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ካለፉት 7 ሰዎች 4ቱ የብሉፎርድ የምርጫ ጓዶች ናቸው፣ ማክኔር፣ ጁዲ ሬዝኒክ፣ ዲክ ስኮቢ እና ኤሊሰን ኦኒዙካ። ብሉፎርድ ያቺኑ ቻሌንጀር ላይ ተሳፍሮ የተመለሰው ከዛ በፊት ሶስት ወር ሳይሞላ ነው፣ ቻሌንጀርም በሰላም የተመለሰችበት የመጨረሻ ጉዞዋ ያ ነው።

ኦኒዙካ ላይ ትንሽ መቆም እንፈልጋለን ምክንያቱም እሱም የአየር ሀይል ኢንጂነር ነው። ሀዋይ የተወለደ፣ የሙከራ በረራ ኢንጂነር፣ ጃንዋሪ 1985 በሻትል የመጀመሪያው ሚስጥራዊ የመከላከያ ጉዞ ላይ የሄደ ሌተናል ኮሎኔል ነበር፣ የኮሎኔልነት ማዕረግ የተሰጠው ካለፈ በኋላ ነው።

ከአደጋው በኋላ ሻትል እስከ ሴፕቴምበር 1988 ቆመ። ብሉፎርድ በዛ መሀል 1987 ላይ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ክሊር ሌክ ኤምቢኤ (የንግድ አስተዳደር ማስተርስ) ያዘ።

የመጀመሪያው ጥቁር ጠፈርተኛ እሱ ነው ወይስ ኩባዊው?

እንደ አባባሉ ይለያያል። ጠፈር የወጣ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የዘር ሀረግ ያለው ሰው አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝ ነው፣ የኩባ አየር ሀይል አብራሪ፣ ሴፕቴምበር 1980 በሶቪየቷ ሶዩዝ-38። ብሉፎርድ ከሱ ሶስት ዓመት ዘግይቶ ነው፣ ስለዚህ ለሱ ትክክለኛው "የመጀመሪያው አፍሪካ አሜሪካዊ" የሚለው ነው።

ከአሜሪካ ግን ከብሉፎርድ በፊት ሁለት ሰዎች ጫፍ ደርሰው ነበር፣ ሁለቱም የአየር ሀይል። ሻምበል ኤድ ድዋይት በ60ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድስ ያለውን የጠፈር አብራሪዎች ስልጠና ወስዶ ናሳ ሳይመርጠው ቀረ፣ 1966 አየር ሀይልን ለቆ ቀራፂ ሆነ፣ ሜይ 2024 ላይ በ90 ዓመቱ በብሉ ኦሪጅን የግል ኩባንያ ሮኬት ጠፈርን አየ። ሻለቃ ሮበርት ሎውረንስ ደግሞ በኬሚስትሪ ዶክተር ነበር፣ ጁን 1967 ለአየር ሀይሉ የራሱ የጠፈር ጣቢያ ፕሮግራም ተመረጠ፣ በዛው ዓመት ዲሴምበር 8 ኤፍ-104 ተዋጊ ጄት ላይ ስልጠና ላይ እያለ ተከስክሶ አረፈ። የብሉፎርድን ታሪክ ስታወሩ የነዚህን ሁለት ሰዎች ስም አብራችሁ ጥሩ።

ከአየር ሀይል ከወጣ በኋላስ?

የኤሮስፔስና የመረጃ ቴክኖሎጂ ድርጅቶች ውስጥ በሀላፊነት ሰራ፣ ከነሱ አንዱ ኖርዝሮፕ ግሩማን ነው። 2003 ኮሎምቢያ የምትባለው ሻትል ስትጠፋ የአደጋ ምርመራው ላይ በኢንጂነርነቱ ተሳትፏል። 2010 የአሜሪካ ጠፈርተኞች የክብር መዝገብ፣ 2019 ደግሞ ብሄራዊ የአቪየሽን የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ዛሬም የአየር ሀይል ኢንጂነሮች ወደ ጠፈር ይሄዳሉ?

አዎ፣ አሁን ደግሞ ስፔስ ፎርስ የሚባለው ራሱን የቻለ ሀይል ተጨምሯል። ኒክ ሄግን ማየት ይቻላል፣ የአየር ሀይል የሙከራ በረራ ኢንጂነር ነበር፣ ኦክቶበር 2018 የሩሲያዋ መንኮራኩር ሶዩዝ መሀል መንገድ ላይ ስትበላሽ በማምለጫው ተርፎ፣ በዓመቱ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ደርሶ ሰርቶ ተመልሷል፣ ከዛ ወደ ስፔስ ፎርስ ተዛውሮ ሴፕቴምበር 2024 እንደገና ሄዷል።

አሜሪካ ያለሁ ኢትዮጵያ የተወለድኩ ሰው ነኝ፣ ይሄ መንገድ ለኔ ክፍት ነው?

ክፍት ነው፣ ግን ዜግነት የግድ ነው። ናሳ የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፣ የት ተወለድክ ግን አይልም። ፍራንክሊን ቻንግ-ዲያዝ ኮስታ ሪካ ተወልዶ 1977 ዜግነት አገኘ፣ 1980 ተመረጠ፣ 7 ጊዜ በረረ። በውትድርና በኩል ከሆነ በግሪን ካርድ ተራ ወታደር ሆኖ መግባት ይቻላል፣ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል፣ በአርኦቲሲም ቢሆን ያው ነው፣ ስለዚህ ልጃችሁ ሀይስኩል ላይ ከሆነና ዜግነቱ ገና ካልተስተካከለ ቶሎ ጨርሱለት።

ሌላው መስፈርት በሳይንስ፣ ኢንጂነሪንግ፣ ሂሳብ ወይም ቴክኖሎጂ ማስተርስ፣ ከዛ በኋላ ቢያንስ ሶስት ዓመት የሙያ ልምድ ወይም በዋና አብራሪነት አብዛኛው በጄት የሆነ 1,000 ሰዓት፣ እና ረጅም የጠፈር ቆይታ የሚያስችል የጤና ምርመራ ማለፍ ነው። አብራሪ መሆን ግዴታ አይደለም። ወታደር ለሆነ ሰው ደግሞ ለናሳ ብቻ ማመልከት አይበቃም፣ በራሱ ሀይል በኩልም የሚያልፍበት ሂደት አለ፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ሁለቱንም ባንዴ መጀመር ነው።